በ2012ቱ ማክቡክ ላይ ጂቲኤ 5ን እንዴት እንዳስነሣሁት፣ ድምፁስ ለምን እንደ ጠፋ

በደብረ ብርሃን ያገለገለ ማክቡክ እጁ የገባ ወጣት ሁሉ ውሎ አድሮ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጂቲኤ 5 ይሠራበታል ወይ?» መልሱ አጭር ነው፤ ይሠራል። ይሁን እንጂ ሥራው ውስጥ ሁሉንም ነገር የሚያበላሽ አንድ ደረጃ አለ። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቤን የተቀበለው ባለሙያም ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው እንጂ አልፈታውም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ባልተበላሸ ማሽን ላይ ማዘርቦርድ እንዳይገዛ ብዬ ነው።

የእኔ ማሽን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አጋማሽ ለገበያ የቀረበው ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ነው፤ ሬቲና ስክሪን ያለውን ሳይሆን ወፍራሙንና ዲቪዲ ማጫወቻ ያለውን ማለቴ ነው። ባለ አራት ኮር አይ7 ፕሮሰሰር ሲኖረው፣ ከኢንቴሉ ኤችዲ 4000 በተጨማሪ ጂፎርስ ጂቲ 650ኤም የተባለ የኤንቪዲያ ግራፊክስ አለው። ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 13 ኢንቹ የኢንቴሉ ግራፊክስ ብቻ ስላለው ጨዋታው ቢከፈትበት እንኳ አያጫውትም። ከባለ 15 ኢንቾቹም ቢሆን 2.3 ጊጋኸርዝ የሚለው የግራፊክስ ሜሞሪው 512 ሜጋባይት ነው፤ 2.6 የሚለው ግን 1 ጊጋባይት አለው፤ ጨዋታው ደግሞ በትንሹ የሚጠይቀው 1 ጊጋባይት ነው። የ2011ዱን ባለ 15 ኢንች በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ የኤኤምዲ ግራፊክሱ በመበላሸት ከመታወቁ የተነሣ አፕል ራሱ በ2015 በነጻ የሚጠግንበትን ፕሮግራም ለማወጅ ተገድዶ ነበር።

ጨዋታው በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ ለዊንዶውስ ብቻ ነው የወጣው፤ የማክ እትም የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን ዊንዶውስ መጫን ግዴታ ነው። ዊንዶውስን በማክ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም የሚያስነሡ መላዎችን የሚመክሩ አሉ፤ ለሂሳብ መዝገብ ሥራ ይበጃሉ፣ ለዚህ ጨዋታ ግን የማሽኑን ግማሽ ጉልበት ከወዲሁ ስለሚበሉ ጊዜ ማባከን ነው።

ዕቃ የመቀየሩ ሥራ ቀላል ነበር። የታችኛው ክዳን በ10 ትናንሽ ብሎኖች የታሠረ ሲሆን ሦስቱ ከሌሎቹ ስለሚረዝሙ ቦታቸውን በወረቀት ላይ ማስፈር ይበጃል። ራሙን ወደ 16 ጊጋባይት አሳደግሁት፤ አፕል 8 ብቻ ነው የሚፈቀደው ቢልም ማሽኑ 16ቱን ያለ ምንም ማጉረምረም ይቀበላል። ሁለቱን ፋኖች ከአቧራ አጽድቼ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ተርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀየርሁ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በቦታው ኤስኤስዲ አስገባሁ፤ ይህንንም በእኛ አገር ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ከፍጥነት በላይ በሆነ ምክንያት እመክረዋለሁ። አፕል ይህ ማሽን እንዲሠራበት የፈቀደው ከፍታ እስከ 10,000 ጫማ፣ ማለትም እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ከገደቡ ብዙም አንርቅም፤ ከእኛ ከፍ ወዳለው ወደ ጣርማ በር የወጣ ሰውማ አልፎት ይሄዳል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ሥራው ይከብደዋል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታው አያሳስበውም።

አሁን ወደ ክፉው ደረጃ ልግባ።

ማክ ላይ ዊንዶውስ የሚጫነው ቡት ካምፕ በተባለው የአፕል ፕሮግራም አማካይነት ነው። መመሪያውን ያነበበ ሰው ፍላሽ ሰክቶ የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። በእኔ ማሽን ላይ ግን ፕሮግራሙ ፍላሽ የማዘጋጀት ምርጫውን ጨርሶ አያሳይም፤ ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ማሽን በዲቪዲ ይጫንበት ብሎ አስቀድሞ ወስኗል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነም አንድ ቃል አይነግርም። ሥራ ስለ በዛብኝ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድሁት። ልጁ ጎበዝ ይመስላል፤ እጁም ፈጣን ነው። በሌላ ኮምፒውተር ያዘጋጀውን ፍላሽ ሰካ፤ ጫኚው ግን «ይህ ዲስክ የኤምቢአር ክፍፍል ያለው ስለሆነ ዊንዶውስ ሊጫንበት አይችልም፤ በኢኤፍአይ ሥርዓት የሚጫነው በጂፒቲ ዲስክ ላይ ብቻ ነው» የሚል መልእክት አወጣ። ኤምቢአርና ጂፒቲ የዲስክ ክፍፍል የሚመዘገብባቸው የድሮውና የአዲሱ ዘዴዎች ናቸው፤ ኢኤፍአይ ደግሞ ኮምፒውተር የሚነሣበት አዲሱ መንገድ ነው። መልእክቱ «በተሳሳተው በር ነው የገባኸው» ማለቱ ነበር። ልጁ ግን «ዲስኩን አጥፋው» ማለቱ ነው ብሎ ተረጎመውና አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀኝ የማኩን ወገን ጨምሮ ፓርቲሽን የሚባሉትን የዲስኩን ክፍሎች በሙሉ ደመሰሳቸው። ሰነዶቼ በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጠው ባይጠብቁኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ዊንዶውሱ ተጫነ፣ ዋይፋዩም ሠራ፤ ከፍዬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ጨዋታውን ስከፍተው ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ መኪናው ይሮጣል፣ ሰው ይራወጣል፣ ድምፅ ግን የለም። በስክሪኑ ጥግ ያለችው የድምፅ ማጉያ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል፤ ስነካት የድምፅ መሣሪያ አልተገኘም ትለኛለች። መልሼ ወሰድሁለት። ዊንዶውስን ከድምፅ ቺፑ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ማለትም የሪልቴክ ኩባንያን ድራይቨር ጫነ፤ አልሆነም፤ መሆንም አይችልም ነበር፤ የዚህ ማሽን የድምፅ ቺፕ የሌላ ኩባንያ፣ የሰርየስ ሎጂክ ነውና። ሌላ ጫነ፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ማሽኑን ገለበጠና፦

«ጋሼ፣ የድምፅ አይሲው ተቃጥሏል። ማዘርቦርዱ ካልተቀየረ ተስፋ የለውም» አለኝ።

ዝም ብዬ ማሽኑን አጠፋሁና መልሼ አበራሁት። ያ ሁሉም የሚያውቀው የማክ የመክፈቻ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» አልሁት።

«እሱ የባዮሱ ነው፣ ጋሼ» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ፤ ባዮስ ያለው ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው። አለማወቅ አያስነውርም፤ ባላወቁት ነገር ላይ የማዘርቦርድ ዋጋ መጥራት ግን ያስነውራል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የመክፈቻው ድምፅ ከተሰማ ድምፅ ማጉያውም ቺፑም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ዊንዶውሱ የተጫነበት መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ማኮች ዊንዶውስን በሁለት መንገድ ማስነሣት ይችላሉ፤ አንዱ ኢኤፍአይ ሲሆን ሌላው ማሽኑ እንደ ድሮ ኮምፒውተር ባዮስ ያለው መስሎ የሚቀርብበት ነው። አፕል ለዚህ ዘመን ሞዴሎች የዊንዶውስ ድራይቨሮችን ያዘጋጀው ሁለተኛውን መንገድ አስቦ ነው። በኢኤፍአይ ሲነሣ ግን የድምፅ ቺፑ ዊንዶውስ በሚጠብቀው ሁኔታ ተዘጋጅቶ ስለማይቀርብለት እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የወጡት ማኮች በኢኤፍአይ ስለሚሠሩ በአዲስ ማክ የለመደ ባለሙያ አሮጌውን የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። የእናንተ በየትኛው መንገድ እንደ ተጫነ ለማወቅ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኢንፎ32 የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱና ባዮስ ሞድ የሚለውን መስመር አንብቡ። ሌጋሲ (የባዮሱ መንገድ) ካለ ደግ ነው፤ ዩኢኤፍአይ (ያው የኢኤፍአይ መንገድ) ካለ ድምፅ በመፈለግ አትድከሙ፤ እንደገና መጫን ይቀላል።

እኔም እንደገና ጫንሁ፤ በዚህ ጊዜ ሱቅ አልሄድሁም። የማኩ ወገን ስለ ጠፋ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና አር ቁልፎችን አንድ ላይ ይዤ አበራሁትና በኢንተርኔት ካታሊናን ማውረድ ጀመረ፤ ይህ ማሽን በይፋ የሚቀበለው የመጨረሻው የማክ ሥርዓት እሱ ነው። መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም ዋይፋዩ አብሮ ስለ ሞተ ከስልኬ ኢንተርኔት እየሰጠሁት ጨረሰ። የዳታውን ሂሳብ አልናገርም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዲቪዲ ነው። አሁን ያለው የዊንዶውስ 10 ፋይል ከተራ ዲቪዲ አቅም በላይ ስለሆነ አፕልም ማይክሮሶፍትም የመጨረሻውን እትም ተጠቀም ቢሉም እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው፤ በዲቪዲ ላይ የሚበቃውን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እትም ጭኖ ከተነሣ በኋላ ማደስ ይቻላል፤ እድሳቱ የተጫነበትን መንገድ አይቀይረውም። ባዶ ዲቪዲ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አጥቼ ያገኘሁት የሠርግ ቪዲዮ ከሚቀርጽ ስቱዲዮ ነው፤ እነሱ አሁንም ለሙሽሮች ይገለብጡበታል። ሲጻፍ በዝቅተኛው ፍጥነት ይጻፍ፤ ያረጀ ማጫወቻ በጥድፊያ የተጻፈ ዲስክ ማንበብ ይቸግረዋል።

ከዚያ ቡት ካምፕ ዲስኩን ይከፍላል፤ የዊንዶውስ ድራይቨሮቹንም ከፕሮግራሙ ሜኑ በተለየ ፍላሽ ላይ ያወርዳል። ዲቪዲውን አስገብታችሁ የኦፕሽን ቁልፍን ይዛችሁ ስታበሩ በስክሪኑ ላይ የዲስክ ሥዕሎች ይደረደራሉ። ከዚያው ከአንዱ ዲቪዲ ሁለት ሥዕሎች ይወጣሉ፤ አንዱ ኢኤፍአይ ቡት ይላል፣ ሌላው ዊንዶውስ ብቻ ይላል። ያ ሁሉ ጣጣ የተንጠለጠለው በዚህ ምርጫ ላይ ነው። ዊንዶውስ የሚለውን ምረጡ። ጫኚው የት ልጫን ሲል ቡትካምፕ የሚል ስም ያለውን ፓርቲሽን ብቻ ፎርማት አድርጉ፤ ሌሎቹን አትንኩ። ሲያልቅ በፍላሹ ያለውን የድራይቨር ጥቅል ከፍታችሁ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ። እኔ ይህን ጨርሼ የድምፁን ቁልፍ ስጫን «ጢው» የምትለው ድምፅ ወጣች፤ ማዘርቦርዱም ያው ማዘርቦርድ ነበር።

የቀረው ጨዋታውን ማስተካከል ነው። ፋይሉ ከ70 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በውጫዊ ዲስክ አምጡት፤ ጨዋታው የሚገዛበትና የሚወርድበት ስቲም የተባለው ፕሮግራም፣ ፎልደሩ በቦታው ከተቀመጠለት፣ ፋይሎቹን መርምሮ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። በስቲም ላይ ሌጋሲ (የቀድሞው) እና ኤንሃንስድ (የተሻሻለው) የሚሉ ሁለት የጨዋታው ስሪቶች አሉ፤ በ2025 የወጣው ኤንሃንስድ ለዚህ ግራፊክስ የማይታሰብ ስለሆነ ሌጋሲን ውሰዱ። አሮጌ ማሽን በዊንዶውስ 7 ይፈጥናል የሚላችሁንም አትስሙ፤ ስቲም ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል።

ስክሪኑን 1280 በ800፣ ቴክስቸሩን ኖርማል፣ ኤምኤስኤኤን አጥፍታችሁ፣ ቪሲንክን ሃፍ አድርጉ፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ይረጋል። በሴቲንጉ አናት ያለችው የግራፊክስ ሜሞሪ መስመር ወደ ቀይ እንዳትገባ ጠብቋት። በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ተርቦ ቡስት ስለሚያጠፋ ሙቀቱን በጣም ይቀንሳል። ሁሉም «ሃይ ፐርፎርማንስ» አድርገው ይላል፤ በዚህ ማሽን ላይ ያ ምክር ለደቂቃዎች ያስሮጥና በሙቀት ያዘግማል። በኅዳር ሌሊት ግን የማሽኑ ሙቀት ለእጅ መልካም መሆኑን አልክድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጨዋታው ከተንቀራፈፈ ባትሪውን ተመልከቱ። እነዚህ ማክቡኮች ባትሪያቸው ሲወጣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሞተ ባትሪ አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መጠቀም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ለጨዋታ ግን አይሆንም። ቻርጀሩም 85 ዋት ይሁን፤ የባለ 13 ኢንቹ 60 ዋት ቻርጀር ስለሚሰካ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም፤ እየተጫወታችሁ ባትሪው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ አሁን ደግሞ ሱቆቹ «ወደ 11 ላሳድግልህ» ማለት ጀምረዋል። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ዩኢኤፍአይን ነው፣ ያ መንገድ በዚህ ማሽን ላይ ድምፁን ይዞት እንደሚሄድ አይቻለሁ። የባንክ ሥራዬን በስልኬ እሠራለሁ፤ የዊንዶውሱ ወገን ለጨዋታ ብቻ ይቀመጥ።