ቸርኬው ሲደማ

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ለቤተሰቡ ሁሉ ሽቶ አመጣች። ለእኔ የቸርኬ ማጽጃ።

አልተቀየምኩም። ቪትዜ በየቀኑ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቸርችልን ፍሬን በፍሬን ሆና ስለምትወርድ፣ የፊት ቸርኬዎቿ አሉሚኒየም መሆናቸው ተረስቷል። ላቫጆ ስወስዳት ጎማውን ቅባት ቀብተው ያብለጨልጩልኛል፤ ቸርኬው ግን ያው ነው። ጭቃ አይደለማ! የፍሬኑ ሸራና ዲስክ ሲፋጩ የሚረግፍ የብረት ብናኝ ነው። እንደጋለ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና እዚያው ይዝጋል። ሳሙና አይነቅለውም።

እሁድ ጠዋት ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብዬ፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆምኳት። ዕቅዴ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሰም መቀባት ነበር። ሰም ያለበት ቸርኬ ላይ ብናኙ እንደ ልቡ አይጣበቅም። ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፤ በጋለ ብረት ላይ ከተረጨ ደርቆ ምልክት ይተዋል። ጓንት አጠለቅኩና ረጨሁ። የከረመ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የእነሱ ሽቶ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ቀለሙ መለወጥ ጀመረ። ፈሳሹ ብረት ሲያገኝ ሐምራዊ ይሆናል፤ መሥራቱን የምታውቀው በዚህ ነው። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ፣ ከዚያ ቁልቁል መንዠቅዠቅ። ውሃ ስደፋበት ቀይ ሆኖ አስፋልቱን ይዞ ወረደ።

ከታች ቡና የሚያፈሉት እትዬ አዩት።

«በስመ አብ! ሰው ገጭቶ ደሙን እያጠበ ነው!»

በአንዴ ተከበብኩ። ሊስትሮው ሣጥኑን ይዞ መጣ። አንዱ ስልኩን ደቅኗል። አንድ አባት ደግሞ ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር ሬሳ ይፈልጋሉ።

«ማንን ነው የገጨኸው?»

«ኧረ ማንንም! ብረቱ ነው!»

«ብረት ይደማል?»

ትራፊኩ ደረሰ። ላሳየው ብዬ የኋላውን ቸርኬ ረጨሁ። ምንም! ነጭ አረፋ ብቻ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደፊት ስለሚጫን ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ደግሞ ታምቡር ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ብናኙ ብዙም አይወጣም። ይህን አሁን ለማን ላስረዳ?

«ታዲያ የፊቱ ለምን ደማ?» አለኝ ትራፊኩ።

«የገጨው በፊቱ ነዋ!» አሉ እትዬ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ።

አጠገባችን አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ሾፌሩ ጥርሱን እየፋቀ የእኔን ጉድ ያያል። ሳላስፈቅድ የፊት ቸርኬውን ረጨሁለት። ደቂቃም አልቆየ፣ ታክሲው ደማ። ከቪትዜ የባሰ! ጎማው ሥር ኩሬ ሠራ።

«አያችሁ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

እትዬ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ በሞትኩት! ይሄስ ስንቱን ፈጅቷል!»

ትራፊኩ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«መንጃ ፈቃድ!»