ኮታው ሲነሳ ማን ተጎዳ?

ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሀብታም አገሮች ከየአገሩ በሚያስገቡት ጨርቃጨርቅና አልባሳት ላይ የነበረው ኮታ (የብዛት ገደብ) ተነሳ። አሥር ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ ሲነሳ ነበር ይባላል፤ በወረቀት ላይ እንኳ ከገቢ ዕቃው 49 በመቶው ለመጨረሻዋ ቀን ነው የቆየው። ከዚያ በፊት በ1995፣ 1998 እና 2002 የተለቀቁት 16፣ 17 እና 18 በመቶ ደግሞ በአብዛኛው ኮታ የማይነካቸው ዕቃዎች ነበሩ። ምርጫው የአስመጪዎቹ አገሮች ስለነበር ሱሪና ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ይዘው ቆዩ።

ኮታ ብዛትን ስለሚገድብ የመላኪያ ፈቃዱ ራሱ ዋጋ ያወጣል፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በግልጽ ይሸጥ ነበር። የሚቆጠረው በደርዘን ስለሆነ ደግሞ ለርካሹም ለውዱም እኩል ነው። እንበልና ፈቃዱ ለደርዘን 12 ዶላር ነው። በ4 ዶላር ሸሚዝ ላይ 25 በመቶ ይጨምራል፣ በ20 ዶላሩ ላይ 5 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ላኪው ውድ ውዱን ይልካል። ኮታው ሲነሳ ርካሹ ሸሚዝ ተመለሰ፤ የቻይና ዋጋ የወረደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አውሮፓ ደንግጣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከቻይና ጋር በ10 የዕቃ ዓይነቶች ላይ አዲስ ገደብ ተስማማች። ነጋዴዎቹ ግን አስቀድመው አዝዘዋል። ገደቡ በሳምንታት ሞላና 80 ሚሊዮን ገደማ ሹራብ፣ ሱሪና ጡት መያዣ በየወደቡ ተከማቸ። ሴፕቴምበር ላይ ግማሹ እንዲሁ እንዲገባ፣ የቀረው ቻይና ካላት ሌላ የኮታ ድርሻ ላይ እንዲቀነስ ተደረገ። ግርግሩ የጎዳው ገደቡን የጠየቁትን ፋብሪካዎች ሳይሆን የራሳቸውን የአውሮፓን ቸርቻሪዎች ነበር።

ክፉኛ ከተመቱት አንዷ በደቡብ አፍሪካ የተከበበችው ትንሿ ሌሶቶ ናት። የታይዋን ባለሀብቶች እዚያ የሄዱት በከፊል የአገራቸውን ኮታ ለማለፍ ነበር፤ ኮታው ሲነሳ፣ በዚያ ላይ ከደቡብ አፍሪካው ራንድ ጋር የታሰረው ገንዘቧ በዶላር ሲጠነክር፣ አንዳንዶቹ ፋብሪካ ዘግተው ሄዱ። ባንግላዲሽ ትወድቃለች ቢባልም አደገች። ለሹራብና ቲሸርት የሚሆን ክርና ጨርቅ አገር ውስጥ ታመርት ስለነበር የአውሮፓን ከቀረጥ ነፃ መስፈርት አሟላች፤ አሜሪካም ቻይናን እስከ 2008 መጨረሻ ገድባ ጊዜ ሰጠቻት።

ከኮታ በኋላ የቀረው አጥር ቀረጥ ነው። አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ በመደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ በ3 ዶላር ቲሸርት ላይ 50 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። በልብስ ስፌት ትርፍ የሚቆጠረው በሳንቲም ነውና፣ ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ ዕድል) ስትወጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ያጡት ይህችኑ 50 ሳንቲም ነው።