በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ውሳኔ፦ የእንግሊዝኛ ጥናታችን የደረሰበት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ዛፍ ሥር ተሰብስበን እንግሊዝኛ የምናጠና ልጆች ነን። የፖለቲካ ሰነድ ማንበብ ከያዝን ወዲህ ሰዋስው በደንብ እየገባኝ ነው። እዚያ ያለ ኮማ ዝም ብሎ አይገባም፤ ተከራክረውበት ነው።

አሁን በእጃችን ያለው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከዐረቦችና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 242 ነው። ነገሩ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! ባለቤቱ «ዘ ሴኩሪቲ ካውንስል» ከላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ከዚያ ኮማ። ቀጥሎ «ኤክስፕሬሲንግ» (እየገለጸ)፣ «ኤምፋሳይዚንግ» (አጽንዖት እየሰጠ) የሚሉ መግቢያዎች ይደረደራሉ፤ እነሱም በኮማ ይዘጋሉ። ዋናው ግስ «አፈርምስ» (ያረጋግጣል) ብቅ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለቁጥር አንቀጾቹን ሴሚኮለን (;) ያያይዛቸዋል፤ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነጥብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለእኛ ይሄ ሊከብደን አይገባም። «ሰምቶ፣ አይቶ፣ አስቦ» እያልን ግሱን መጨረሻ ላይ የምናሳርፍ ሰዎች እኮ ነን። ባለቤቱንና ዋናውን ግስ በእርሳስ አስምሩባቸው፤ የቀረው ራሱ ይፈታል።

እዚያው ላይ የእስራኤል ጦር «ፍሮም ቴሪቶሪስ ኦኩፓይድ» (ከተያዙ ግዛቶች) ይውጣ የሚል አለ። ከ«ቴሪቶሪስ» በፊት «ዘ» የለችም። እስራኤል በጦርነቱ ከያዘችው መሬት ሁሉ ትውጣ ወይስ ከከፊሉ? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። የፈረንሳይኛው ቅጂ አርቲክል፣ ማለትም እንደ «ዘ» ያለ ቃል፣ ስላለው «ከሁሉም» የሚሉት እሱን ይጠቅሳሉ። አርቲክልን «ባዶ ቦታውን ሙሉ» በሚል ጥያቄ ብቻ ለተማርን ሰዎች ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው።

ፓሲቭ ቮይስም (አድራጊው ሳይሆን ተደራጊው ባለቤት የሚሆንበት አነጋገር) እንደዚሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በ1987 እ.ኤ.አ. ለኢራን ስለተሸጠው መሣሪያ ለኮንግረስ ሲናገሩ «ሲርየስ ሚስቴክስ ወር ሜድ» አሉ። ከባድ ስህተት ተፈጽሟል፤ በማን? አልተባለም። ትምህርት ቤት ፓሲቭ ስንሠራ «ባይ» (በእገሌ) ብለን አድራጊውን እንጨምር ነበር። ፖለቲከኛ ግን ብዙ ጊዜ ፓሲቭን የሚመርጠው ያቺን «ባይ» ለመጣል ነው። አሁን ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው አድራጊውን ሆኗል።

ሰሞኑን የሰፈራችንን የውሃ ችግር በውሳኔ መልክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እየሞከርን ነው። ያከራከረን ግሱ ነው። «ሪኩዌስትስ» ይለምናል፣ «ኧርጅስ» ይገፋፋል፣ «ዲማንድስ» ያዝዛል። እኔ «ኧርጅስ» ይበቃል ባይ ነኝ፤ ሌሎቹ «ዲማንድስ» ካልሆነ ብለዋል። እናንተስ የቱን ትመርጡ ነበር?