«ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?»

ባለፈው እሁድ አንድ አብሮ አደጌ ደወለልኝ። «ቤት ገዛህ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ!» ካለኝ በኋላ አስከትሎ፣ «ገንዘቡንስ በስልክህ ነው የላክኸው? ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ነው አይደል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ተናደድኩ። ንዴቱ አልበርድ ሲለኝ ይኸው መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ ገንዘቡን ያጠራቀምኩት በመጀመሪያው የስደት አገሬ ነው፤ 14 ዓመት ሙሉ። ቤቱ ያለው ደግሞ አሁን በምኖርበት በሁለተኛው ነው። በመሃል ድንበር አለ። ሰው ድንበር ሲሻገር ምን ምን እንደሚጠየቅ ስደተኛ አሳምሮ ያውቃል። ገንዘብም እንደ ሰው እንደሚጠየቅ ግን አላውቅም ነበር።

የቤቱን ግዢ ወደሚያስፈጽምልኝ ጠበቃ ቢሮ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ከ25 ዓመት አትበልጥም። የባንክ ስቴትመንቴን ዘርግታ በቢጫ ማድመቂያ አንዳንድ መስመሮች ላይ ጭረት ታደርጋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በፈገግታ፣ «ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?» አለችኝ።

እሷ ያለችው ይህን ነው። የእኔ ጆሮ የሰማው ግን «ከየት ሰረቅኸው?» የሚል ነው። የሌሊት ፈረቃዬ፣ በበዓል ቀን የሠራሁት፣ የተሰነጠቀው እጄ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። «ሠርቼ ነዋ!» አልኩ። ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም፤ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ልጅቱ ቅር እንኳ አላላትም። «ይገባኛል። ወረቀቱን ይዘህ ና» ብላ ማድመቂያዋን ከደነች።

እኛ እኮ ሰውን ስለ ገንዘቡ ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ከበር ሲወጣ ግን «ከየት አመጣው?» ብለን ስናማው እናመሻለን። እነሱ ፊት ለፊት ይጠይቃሉ፤ መልሱንም በደረሰኝ ይፈልጋሉ። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ጥያቄው መልኬን አይቶ የመጣ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንደ ፈረንጆች በ1989 የተቋቋመ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የሚባል፣ የቆሻሻ ገንዘብን ዝውውር ለመግታት መመሪያ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ አካል አለ። የእሱን መመሪያ የሚከተሉ አገሮች ባንኩን ብቻ ሳይሆን የቤት ሽያጭ የሚያስፈጽመውን ጠበቃም አጣራ ይላሉ። ቆሻሻ ገንዘብ ቤት መግዛት ይወዳላ። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቀለል አለኝ። ትንሽ ነው ያልኩት።

የደመወዝ ወረቀቶቼን በካርቶን ተሸክሜ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ስሜ አስቸገረ። ስሜ ውስጥ «ጸ» አለች። ፓስፖርቴ ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ተጽፋለች፤ የድሮው ባንኬ «ኤስ» ብቻ አድርጓታል። በዚች በአንዲት ፊደል ሁለት ሰው ሆንኩ። አንድ ሰው መሆኔን የሚመሰክር ደብዳቤ እስኪመጣ 9 ቀን ፈጀ። በዚያ መሃል ምንዛሪው እኔ ላይ ዞረ። ቤቱ ሳይወደድ ቤቱ ተወደደብኝ።

በመጨረሻ ገንዘቡ ተላከ። ባንኮች ድንበር ተሻግረው የሚላላኩበት ስዊፍት የሚባል መረብ አለ። ሰው ስዊፍት ገንዘብ የሚያጓጉዝ ይመስለዋል፤ ስዊፍት መልእክት ብቻ ነው የሚያደርሰው። ሁለቱ ባንኮች አንዱ ሌላው ዘንድ ሒሳብ ከሌላቸው በመሃል ሌላ ባንክ ይገባል፤ እሱም የራሱን ይቆርጣል። ቅጹ ላይ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን የሚጠይቅ ቦታ አለ፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ወይም ሁለቱም ተጋርተው። እኔ ብልጥ ነኝና «ተጋርተው» የሚለውን መረጥኩ። ርካሽ ነበረ። ጠበቃው ዘንድ የደረሰው ግን ጎድሎ ነው። የጎደለው ካልሲ አይገዛም። ያቺ እስክትሞላ ግን ቁልፉን አንሰጥም አሉ።

ወደዚህ መንገድ የምትመጡ ልጆች፣ ከመጀመሪያዋ የደመወዝ ወረቀታችሁ ጀምሮ አንዷንም እንዳትጥሏት። ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል አስጽፉ። ለቤት ስትከፍሉ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ እኔ እሸፍናለሁ በሉ፤ ቀነ ቀጠሮውንም ተማምናችሁ በመጨረሻው ቀን አትላኩ። «ከፋፍለህ ብትልክ አይጠይቁህም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እኔንም መክሮኛል። ጭራሽ እሱ ነው የሚያስጠረጥረው፤ ከቁጥጥር ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል በራሱ ወንጀል የሆነበት አገር አለ። ደግሞ አንድ ቀን «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከጠበቃችሁ የመጣ መስሎ ቢደርሳችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። በፊት በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። የሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ በእንዲህ ዓይነት ኢሜይል በአንድ ከሰዓት ይሄዳል።

ልጅቱ በማድመቂያ ካሰመረቻቸው አንዷ እህቴ የሰጠችኝ ገንዘብ ነበረች። «ብድር ነው ስጦታ?» አለችኝ። ስጦታ መሆኑን እህቴ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባት ተባለ። ለእህቴ ደውዬ ይህን ስነግራት ዝም አለች። «ለወንድሜ መስጠቴን ለማን ነው የምፈርመው?» አለች ቆይታ። እንደምንም ለምኜ አስፈረምኳት። ወረቀቱ ገንዘቡን መልሳ እንደማትጠይቅ፣ በቤቱም ላይ ምንም መብት እንደሌላት ይላል።

ቁልፉን የተቀበልኩ ዕለት ማታ ደወለች። ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ፀሐይ የሚገባበት የኔ ነው» አለች።

«ፈርመሻል እኮ!»

«መብት የለኝም ብዬ ነው የፈረምኩት» አለች። «አልጋ የለኝም አላልኩም።»