ከዩኒቨርሲቲ አይስ ሆኪ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የሄድኩበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ስጨርስ፣ ለሴት ተጫዋቾች መተዳደሪያ የሚሆን ደመወዝ የሚከፍለው አዲሱ የሰሜን አሜሪካ ሊግ የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑን እያገባደደ ነበር። ፒደብሊውኤችኤል በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ሊግ የመክፈቻ ጨዋታውን ያደረገው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በቶሮንቶ ሲሆን፣ በዚያ ቀን ኒው ዮርክ ባለሜዳዋን ቶሮንቶን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከእኔ ጥቂት ዓመታት ቀድመው የተመረቁት ግን ይህ ዕድል አልደረሳቸውም። በ2007 የተቋቋመው የካናዳ የሴቶች ሊግ ለተጫዋቾቹ ክፍያ የጀመረው በ2017 ነው፤ ዝቅተኛው ክፍያም ለአንድ የውድድር ዘመን 2,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሊጉ ራሱ በ2019 ፈረሰ። ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ውለው ማታ ልምምድ ይገቡ የነበሩ ተጫዋቾች ዛሬ አብረውኝ ይጫወታሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ጊዜው ያመጣልኝንና ራሴ የሠራሁትን አንባቢ ለይቶ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

በሰሜን አሜሪካ የአብዛኞቻችን መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋል። ኤንሲኤኤ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ሥር የሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው በ2001 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ የሚኒሶታ ዱሉት ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። በኮሌጅ የተጫወተች ሴት በረዶውን፣ የጉልበት አሠልጣኙን፣ የጨዋታ ቪዲዮ ትንተናውን፣ ሐኪሙንና የጉዞ ወጪውን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ይሸፍንላታል። ጨዋታዎች በአብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ፣ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ለሁለት ተከታታይ ቀናት ይደረጋሉ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ የልምምድና የትምህርት ነው። ይህ ሥርዓት ለዕድገት እጅግ ይመቻል፤ ዓርብ የሸወደችሽን አጥቂ ቅዳሜ መልሰሽ ታገኛታለሽ፣ በመካከል ሌሊቱን ቪዲዮ አይተሽ ታድሪያለሽ። እኔም በዚያ ሥርዓት ውስጥ በተከላካይነት አድጌ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቀዳሚዎቹ ጥንድ ተከላካዮች አንዷ ሆኜ፣ ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ጎድሎበት ቡድኑ የቁጥር ብልጫ ሲያገኝ ከኋላ ሆኜ ፓኩን (በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) የማከፋፍለው እኔ ነበርኩ።

ነገር ግን ኮሌጅ የማያስተምረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም መጋጨት ነው። በኤንሲኤኤ የሴቶች ውድድር ተጋጣሚን በሰውነት መምታት ክልክል ነው። ትከሻ ለትከሻ መገፋፋትና በሜዳው ግድግዳ ሥር መታገል ቢፈቀድም፣ ፓክ የያዘችን ተጫዋች በሰውነት ክብደት ከፓኩ ለይቶ መጣል ያስቀጣል። የታሪኩ መነሻ ረጅም ነው። በ1990 በኦታዋ በተካሄደው የመጀመሪያው ይፋዊ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ግጭት ተፈቅዶ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ውድድር በኋላ ከሴቶች ጨዋታ እንዲወጣ ተደረገ። (ያው ውድድር ካናዳውያኑ ሮዝ መለያ ለብሰው የተጫወቱበት ነው፤ ምርጫው ለእኔ ዛሬም ግራ ነው።) ፒደብሊውኤችኤል ግን ሲመሠረት ፓኩን ለመንጠቅ በሚደረግ ትግል ውስጥ በሰውነት መምታትን ፈቀደ። ይህም ማለት አራት ዓመት በአንድ ሕግ የሠለጠነች ተከላካይ በተመረቀች በወራት ውስጥ በሌላ ሕግ ትፈተናለች ማለት ነው።

ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት በ2024ቱ ድራፍት ስሜን አስመዘገብኩ። ስድስቱ ክለቦች በሰባት ዙር 42 ተጫዋቾችን መረጡ፤ ስማቸውን ያስመዘገቡት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበሩ። የመጀመሪያዋ ተመራጭ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመጣችው ሣራ ፊሊየር ነበረች፤ ኒው ዮርክ ወሰዳት። የኮሌጅ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የማናስበው ነገር፣ በድራፍቱ የምንፎካከረው ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ብቻ አለመሆኑን ነው። ለአገራቸው ብሔራዊ ቡድን የሚጫወቱና በአውሮፓ ሊጎች የበሰሉ ሴቶችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቦስተን በሁለተኛው ዙር የወሰዳት የቼክ ተከላካይ ዳኒዬላ ፔይሾቫ የመጣችው ከስዊድኑ የሉሌዮ ክለብ ነበር። የእኔ ስም ሳይጠራ ድራፍቱ አለቀ። ሳይጠሩ የቀሩ ተጫዋቾች ከየትኛውም ክለብ ጋር መነጋገር ስለሚችሉ በሩ አልተዘጋብኝም፤ ሆኖም ለልምምድ ካምፕ ግብዣ ከመለመን በፊት አንድ ነገር ማሟላት እንዳለብኝ ገባኝ።

ስዊድን የሄድኩት ለዚህ ነው። የስዊድን የሴቶች ከፍተኛ ሊግ፣ ኤስዲኤችኤል፣ ከ2022 እስከ 2023 ካለው የውድድር ዘመን ጀምሮ ግጭትን ፈቅዷል። ብዙዎቹ የቡድን ጓደኞቼ ሰሜን አሜሪካ መቅረትን፣ አጠገብ ሆኖ መታየትን መረጡ። የእነሱም ምርጫ ምክንያት ነበረው፤ መልማዮች ዘወትር ያዩሻል፣ ከካምፕ አንድ ሰው ቢጎዳ በማግሥቱ ትደርሻለሽ። እኔ ግን ከመታየት በፊት የሚታይ ነገር ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። የከፈለኝ ክለብ ሀብታም አልነበረም። ቤትና መጠነኛ ደመወዝ ሰጠኝ፤ ወደ ሰሜን ጫፍ ለጨዋታ ስንጓዝ፣ ከስቶክሆልም እስከ ሉሌዮ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ድካሙ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር።

የተማርኩት ነገር ከሩቅ ሲታይ ጉልበት ይመስላል፤ በእርግጥ የማዕዘንና የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፓክ ወደ ማዕዘኑ ተልኮ እኔ ቀድሜ ልደርስበት ስሮጥ፣ ፓኩን ከመንካቴ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዬ አያለሁ፤ አንዴ ሩጫውን ስጀምር፣ አንዴ ልደርስ ስቃረብ። የመጀመሪያው ስንት ሰው እንደሚከተለኝ፣ ሁለተኛው በየትኛው ትከሻዬ በኩል እንደምትመጣ ይነግረኛል። ከዚያ ወደ ግድግዳው በቀጥታ ሳይሆን በሰያፍ እገባለሁ፤ ጉልበቴን አጠፍና ዳሌዬን በእሷና በፓኩ መካከል አደርጋለሁ። ከሁሉም አደገኛው ቦታ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ መቆም ነው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፍሽ ምቱን ግድግዳው ይካፈልልሻል፤ ከራቅሽ ሚዛንሽን ለመመለስ ጊዜ አለሽ፤ በመካከል ከቆምሽ ግን በአየር ላይ ሄደሽ በፊትሽ ነው የምታርፊው። መቺዋ እኔ ስሆን ደግሞ ዱላዬ ይቀድማል። በመጀመሪያ በዱላዬ የማቀበያ መንገዷን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ትከሻዬ ይከተላል። ዱላው ሳይቀድም የሚመጣ ትከሻ ዳኛውን ይጠራል፣ ፓኩም ያመልጣል። አሠልጣኛችን ይህንን በልምምድ በየቀኑ ከመጠን ባለፈ ቀስታ፣ በእርምጃ ፍጥነት ያሠራን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰላቸሁበት ይህ ልምምድ ዛሬ ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ እንጀራዬ ሆኖልኛል።

የሜዳው ስፋትም የራሱን ጣጣ አመጣ። ብዙዎቹ የስዊድን ሜዳዎች ወደ 30 ሜትር ሲሰፉ፣ የሰሜን አሜሪካዎቹ 26 ሜትር ገደማ ናቸው። በሰፊው ሜዳ ላይ አጥቂዋን ወደ ግድግዳው ለመግፋት ረጅም መንገድ ስላለ፣ ቶሎ የቸኮለች ተከላካይ መሀሉን ከፍታ ትሰጣለች። በጠባቡ ደግሞ የዘገየችው ናት የምትቀጣው። ሁለቱንም ማወቅ ጠቀመኝ፤ ስመለስ ርቀቴን እንደገና ማስተካከል የነበረብኝ ቢሆንም፣ ትዕግሥቱ አብሮኝ መጣ።

በ2025 ሲያትልና ቫንኩቨር ሊጉን ሲቀላቀሉ የክለቦቹ ቁጥር ስምንት ደረሰ። ነባሮቹ ስድስት ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት ተጫዋቾችን ለአዲሶቹ አጡ፤ እያንዳንዱ ክለብ የሚይዘው ደግሞ 23 ተጫዋቾች ነው። የልምምድ ካምፕ ግብዣ የመጣልኝ በዚያው ወቅት ነበር። ይህንን የምጽፈው ዕድልን ለማሳነስ አይደለም፤ በእርግጥ ሁለት አዲስ ክለቦች ባይጨመሩ ኖሮ ወረፋው ለእኔ ይደርስ ነበር ብዬ በድፍረት መናገር አልችልም።

በካምፑ የመጀመሪያ ቀናት አሠልጣኙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የቁጥር ብልጫ ስናገኝ የሚገቡ ተጫዋቾች አሉኝ፤ አንቺን የምፈልግሽ አንድ ሰው ስናንስ ነው» አለኝ። በኮሌጅ ዘመኔ በዋነኛነት የማጠቃ ተከላካይ እንደሆንኩ አድርጌ ራሴን አይ ስለነበር ንግግሩ ዝቅ ያደረገኝ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሊጉ ሕግ ራሱ ለዚህ ሥራ ዋጋ ሰጥቶታል። በሌሎች ሊጎች በቅጣት አንድ ሰው ያነሰው ቡድን ግብ ቢያስቆጥር፣ የተቀጣችው ተጫዋች ሁለት ደቂቃዋን እስክትጨርስ ቅጣት ወንበሯ ላይ ትቆያለች። በፒደብሊውኤችኤል ግን ግቡ ቅጣቱን ወዲያው ይሰርዘውና ተጫዋቿ ወደ ሜዳ ትመለሳለች። ስለዚህ ስታንሺ መከላከል ብቻ አይበቃም፤ ፓኩን ነጥቃ ወደ ፊት የምታስወጣ ተከላካይ ትፈለጋለች፣ የኮሌጁ የማቀበል ልምዴ በማልጠብቀው ቦታ ተፈለገ። የነጥብ አሰጣጡም እንዲሁ ነው። በመደበኛው 60 ደቂቃ ያሸነፈ ሦስት ነጥብ፣ በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ስለሚያገኝ፣ በአንድ ግብ እየመሩ የሚጫወቱት የመጨረሻ ደቂቃ ለአሠልጣኞች ውድ ነው። በዚያ ደቂቃ የሚያስገቡት ጎበዟን ሳይሆን የሚያምኗትን ነው።

መጀመሪያ የተያዝኩት በተጠባባቂነት ነበር። ተጠባባቂ ከቡድኑ ጋር ትለማመዳለች፣ በጨዋታ ቀን ግን የምታየው ከመቀመጫ ነው። የሚከብደው ክፍያው ብቻ አይደለም። ከጨዋታ ርቀሽ ለጨዋታ ዝግጁ መሆን አለብሽ፤ ስልክ ሲደወል በማግሥቱ ትገቢያለሽ። እኔን የረዳኝ ከልምምድ በኋላ ቀርቼ አንዲት ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ በምትቆይበት የ40 ሰከንድ ገደማ ተራ ልክ መሮጥና ማረፍ ነበር፤ እግር የጨዋታን ምት እንዳይረሳ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አንዲት ተከላካይ ተጎድታ ገባሁ፣ ከዚያም ቋሚ ውል ተሰጠኝ።

ስለ ውሉ በግልጽ መጻፍ ይገባል፤ ተመራቂዎች ከምንም በላይ የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። ተጫዋቾችና ሊጉ በ2023 በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ ለመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ 35,000 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨምራል። በእያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ ስድስት ተጫዋቾች ከ80,000 ዶላር ያላነሰ ማግኘት አለባቸው፤ ለቤት ኪራይም በየወሩ 1,500 ዶላር ድጎማ አለ። ውሌ ከዝቅተኛው ጠርዝ የራቀ አይደለም። በቦስተን ወይም በኒው ዮርክ አካባቢ የቤት ኪራይ ይህ ድጎማ ሳይኖር ምን እንደሚመስል ማንም ይገምታል፤ ስለዚህ ወኪልሽ ስለ ደመወዙ አሐዝ ሲያወራ አንቺ ስለ ድጎማውና ስለ ጤና መድኅኑ ጠይቂ።

ኮሌጅ ላይ ላለች ተጫዋች የምለው አንድ ተጨማሪ ነገር አለኝ። ሦስተኛ ዓመትሽ ላይ ሆነሽ፣ በቡድንሽ ውስጥ ከለመድሽው ውጭ ሁለተኛ ሥራ እንዲሰጥሽ አሠልጣኝሽን ጠይቂ፤ አጥቂ ከሆንሽ ስታንሱ መከላከልን፣ ተከላካይ ከሆንሽ ግብ ፊት መቆምን። የፕሮፌሽናል መልማዮች ኮከቦቹን ቀድመው ያውቋቸዋል። በሦስተኛው የተከላካዮች ጥንድ ወይም በአራተኛው የአጥቂዎች መስመር ማን ትቆማለች ብለው ሲፈልጉ፣ የሚያዩት ያንን ሥራ በቪዲዮ ላይ ስትሠራ የተገኘችውን ነው። የእኔ ውል የአንድ ዓመት ስለሆነ በዚህ ክረምትም ፍለጋው ይቀጥላል፤ ለክለቦች የሚላከውን ቪዲዮ ራሴ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ፣ ግማሹም ስናንስ የተጫወትኩት ነው።