ሊድ አፕሮን ዓይንን አይሸፍንም

የምሠራው ካት ላብ ውስጥ፣ የልብ ደም ሥር በካቴተር በሚታከምበት ክፍል፣ በራጅ ባለሙያነት ነው። እዚያ ጨረሩ እንደ ደረት ራጅ ብልጭ ብሎ አያበቃም። ሐኪሙ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ይለቀቃል፤ ከበድ ያለ ታካሚ ሲገጥም ሥራው ከሰዓት በላይ ይወስዳል።

ከሐኪሙ ጎን ቆማ ዕቃ የምታቀብል አንጋፋ ነርስ አለችን፤ ሁላችንም "ሲስተር" ነው የምንላት። አንድ ሰሞን "ማታ የመኪና መብራት ያጥበረብረኛል፤ ፀሐይ ላይ ማንበብማ ተውት" ማለት ጀመረች። መነጽር ልትቀይር ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ስኳር እንዳለባት፣ ስቴሮይድ ወስዳ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ሁለቱም የለም። ቀጥላ "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለቻት። የሁለቱም ዓይኖቿ ሌንስ ከኋላ በኩል ሞራ ጀምሮታል፤ ግራው ይብሳል።

እኔን ያስደነገጠኝ የግራው መባስ ነው። ሲስተር ስትቆም ማሽኑ በግራዋ ነው፤ ከታካሚው ሰውነት ነጥሮ የሚበተነው ጨረር በብዛት የሚያርፈውም በዚያው ወገን ነው። ሌንስ ደግሞ የተጎዱ ሴሎቹን አውጥቶ አይጥልም። ወደ ኋላ ሄደው እዚያው ይከማቻሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ዓመታት ቆይቶ ነው።

የጨረር መለኪያ ባጇን ሪፖርቶች አውጥተን አየን፤ ሁሉም ንጹሕ። ባጁን የምታደርገው ከሊድ አፕሮኑ፣ ጨረር ከሚከላከለው የእርሳስ ሽርጥ፣ ሥር ነበራ! በሊድ የተሸፈነ ደረቷን ሲለካ ኖረ እንጂ ዓይኗ ስለሚያገኘው ምንም አያውቅም። ከጣሪያ የተንጠለጠለው የሊድ መስታወትም "ለሥራ አይመችም" ተብሎ ጥግ ከተገፋ ቆይቷል። መከላከያው ተገዝቶ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ እያለ! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሞራ ቀድሞ ከሚታሰበው ባነሰ ጨረር እንደሚመጣ በመረጋገጡ፣ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሠራተኛ የዓይን ሌንስ በዓመት 150 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) የነበረውን ጣሪያ በ5 ዓመት አማካይ ወደ 20 አውርዶታል።

አሁን ሁለተኛ ባጅ ከአፕሮኑ ውጪ፣ ግራ አንገትጌ ላይ እናደርጋለን። መስታወቱ ሳይሳብ ፔዳል አይረገጥም። ዕቃ የማያቀብል ሰው ወደ ኋላ ይላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳልና። ሲስተር ግራ ዓይኗን ተቀድዳ ሌንሷ ተቀይሯል፤ በደንብ ታያለች። ጎኑ የተሸፈነ የሊድ መነጽር ግን ለነርሶቹ አልደረሰም፤ የግዢ ጥያቄው ገና አልጸደቀም፤ እኔም ደብዳቤውን መከታተሌን አላቆምኩም።