«ጨጓራዬ ነው» ሲባል

የዛሬው የድንገተኛ ክፍል ውሎ ያስጻፈው ነው። እዚህ ጎጃም ደረት ሲጨመድድ «ጨጓራዬ ተነሳ» እየተባለ ስንት ሰዓት ይባክናል! ላብ ካጠመቀው፣ ሕመሙም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር በድንገት መዘጋት) ሊሆን ስለሚችል በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ።

አስፒሪን 300 ሚሊ ግራም ይታኘካል፤ የ81ዱ ከሆነ 4 ፍሬ። እንዲሁ ከተዋጠ ይዘገያል። አለርጂ ያለበት ወይም እየደማ ያለ ሰው ግን አይወስድም።

ብዙ ስህተት የሚታየው ከምላስ ሥር በሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን (ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) ላይ ነው። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከሆነ፣ የልብ ቀኝ ክፍል ከተጎዳ፣ ወይም ባለፉት 24 ሰዓታት ቪያግራ ከተወሰደ ግፊቱን ጭራሽ ይጥለዋል። (ሰውየው አፍሮ ስለማይናገር ቤተሰቡን አስወጥታችሁ ጠይቁት።) ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ መርፌማ ጨርሶ አይወጋ፤ ልብን ይጎዳል፣ የተወጋው ጡንቻም በኋላ ሊደማ ይችላል።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስቴንት (የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) በ2 ሰዓት ውስጥ የማይደረስ ከሆነ፣ ኢሲጂው ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ማለቱን ካሳየ፣ ሕመሙም 12 ሰዓት ካልሞላው፣ የረጋ ደም ማሟሟያው እዚያው ይሰጥ። ስትሬፕቶኪናዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። ከዚያ በፊት ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ያውቅ እንደሆነ፣ በቅርቡም ስትሮክ ወይም ቀዶ ሕክምና እንደነበረው ይጠየቅ። በመሃል ግፊት ከወረደ ጠብታውን መቀነስ ወይም ለጊዜው ማቆም።